ንገሪው ብቻ

ተገኝን የያዙት ቅዳሜ ዕለት፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ነው። ጂንካ ላይ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ከፋሲካ ወዲህ እየከፋ መጥቶ ነበር። ጎረምሶች ከቤት መውጣት ትተዋል፤ አንዳንዱ ጫካ ገብቷል፣ አንዳንዱ ወደ ሐመር ቆላ ወርዷል። ተገኝ ግን እናቱ አየለች የጎደሬ ጆንያ ብቻዋን ተሸክማ ስትወጣ ማየት አልሆነለትም። "እስከ ገበያው በር ብቻ ላድርስልሽና እመለሳለሁ" ብሎ ተከተላት።

በሩ ጋ ሳይደርሱ አብዮት ጠባቂዎች ከየአቅጣጫው ብቅ ብቅ አሉ። ሰው ተራወጠ፤ ቅቤ ተደፋ፤ በግ ገመዱን በጥሶ ሰው መሃል ገባ። አየለች ጆንያው ከልጇ ትከሻ ወድቆ ጎደሬው ጭቃ ላይ ሲበተን አየች። ቀና ስትል ሁለት ሰዎች ክንዱን ጠምዝዘው ይዘውታል።

"አንድ ነው ያለኝ! ሌላ የለኝም!" እያለች ተከተለቻቸው።

አንደኛው ጠባቂ ዘወር ብሎ በጠመንጃው አፈሙዝ ደረቷን ገፋ አደረጋት። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አላት።

አየለች ከጂንካ በላይ ባለው ተራራ ላይ የተወለደች የአሪ ሴት ናት። ለአንድ አናጢ ተድራ ወደ ከተማ ወረደች፤ ባሏ ተገኝ ገና መራመድ ሳይጀምር ሞተባት። ጌታን የተቀበለችው በልጅነቷ ነው፤ የተጠመቀችውም ኔሪ ወንዝ ውስጥ። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ የቀበሌ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ ከጥቂት ምእመናን ጋር በየቤቱ ተደብቃ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመረች ታመልካለች። በቤቷ ውሸት አይነገርም። ተገኝ ልጅ ሳለ የጎረቤት ማንጎ አውርዶ "እኔ አይደለሁም" ባለ ጊዜ ገርፋዋለች፤ እየገረፈችውም "ይሄ ለማንጎው አይደለም፣ ለአፍህ ነው" ትለው ነበር። ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ሰው ተጣልቶ ምስክር ሲጠፋ "አየለችን ጥሩ" ይባላል።

ያልወለደችው ሌላ ልጅም ነበራት። ኤርጎ ይባላል። ከጎፋ ሥራ ፍለጋ መጥቶ ወባ መንገድ ዳር ጥሎት ሳለ ተገኝ አግኝቶት ተሸክሞ አመጣው። ሲድን አልሄደም። ሁለቱ አንድ ትልቅ መጋዝ ይዘው ጣውላ ሰንጣቂ ሆኑ። ግንዱን ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ያወጡና አንዱ ከላይ ቆሞ፣ አንዱ ከታች ሆኖ ሲስቡ ይውላሉ፤ ሲመሽ ፀጉራቸው በሰጋቱራ ነጥቶ እየተሳሳቁ ይገባሉ። ኤርጎ አማርኛ የለመደው እዚያው ቤት ነው። መጀመሪያ ሰሞን አየለችን "አንተ" እያለ ተገኝን በሳቅ ይገድለው ነበር። ወላጆቹ ሞተዋል፤ እሷን "እማማ" ይላታል።

አፈሳው ሲጠና አየለች ኤርጎን ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ ተራራው ሰደደችው። ባዕድ ነው፣ ተከራካሪ ዘመድ የለውም፣ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው ብላ ነው። ተገኝን ግን የአገር ልጅ ነው፣ ያውቁታል፣ ያልፉታል ብላ አስቀረችው።

ያን ቅዳሜ የተያዙት የታጎሩበት አዳራሽ ደጃፍ ላይ የእናቶች ጩኸት ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ዳርጌ አየለችን ሲያይ በእጁ ጠርቶ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባት። ድሮ ጸሎት ቤት ሳለ ክፍሏ የመዝሙር መጻሕፍት ማስቀመጫ ነበረች። ዳርጌም ድሮ ዘማሪ ነበር፤ እሷ በተጠመቀችበት ቀን አብሯት ነው ወንዝ የገባው። አሁን ግን ያንን ዘመን የሚያነሳበት ሰው አይወድም።

"ተቀመጪ" አላት።

"አልቀመጥም። ልጄን ስጠኝ፣ አቶ ዳርጌ።"

"እኔ አይደለሁም የያዝኩት። ከአውራጃው ይህን ያህል ሰው አቅርብ እባላለሁ፤ ከጎደለ እኔው ነኝ የምሄደው።" በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ። "አውራጃው ስም አይጠይቀኝም፤ ሰው ነው የሚጠይቀኝ። እናንተ ቤት አንድ የጎፋ ልጅ ነበር።"

አየለች ዓይኗን ወደ ተዘጋው በር አዞረች።

"የት እንዳለ ንገሪኝ አልልሽም። ብጠይቅሽ እንደማትዋሺኝ ስለማውቅ ነው የማልጠይቅሽ። ግን ሰኞ ጠዋት መኪናው ከመነሳቱ በፊት እሱ እዚህ ከመጣ፣ ያንቺው በጓሮ በር ይወጣል። ከዚህ ሌላ ላደርግልሽ የምችለው ነገር የለም።"

"ይሄ እኮ ሰው መሸጥ ነው፣ አቶ ዳርጌ።"

"እሱ እናት የለውም፤ ቢሄድ የሚያለቅስለት የለም። ተገኝ ግን አንቺ አለሽው።"

'እሱስ እኔ አለሁት አይደል?' ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዳርጌም በሩን ከፈተና ልጇን እንድታይ ፈቀደላት።

ጎረምሶቹ ድሮ ምእመናን ይቀመጡባቸው በነበሩት አግዳሚዎች ላይ ተደርድረዋል። ተገኝ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ደርቆበታል። እናቱን ሲያይ ተነሳ፤ ጠባቂው ሲያፈጥበት ተመልሶ ተቀመጠ። ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ሊቀመንበሩ ነግሮኛል" አላት።

"ምን ብሎ?"

"ስለ ኤርጎ።" እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ይዟል። "እማዬ፣ እኔ ስጪው አልልሽም። ወንድሜ ነው። ንገሪው ብቻ። ተይዣለሁ ብለሽ ንገሪው፤ ከዚያ ራሱ ያውቃል።"

"ተገኝ..."

"አምና ከሰፈራችን ከሄዱት ማን ተመለሰ? የእትዬ አስካልን ልጅ የት እንደቀበሩት እንኳ የሚያውቅ የለም።" ጠባቂውን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ጎበዝ ብሆን ደስ ባለኝ። ፈርቻለሁ። ንገሪው ብቻ። እውነት መናገር ኃጢአት ነው እንዴ?"

አየለች ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል። "እሺ" አለችው። "እነግረዋለሁ።"

ወደ ቤት ስትገባ ጎረቤቷ አስካል ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አስካል የፖሊስ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ሞቶ፣ ልጇ ዘምቶ በዚያው ቀርቶ፣ ብቻዋን ያለች የተዋሕዶ አማኝ ናት። አየለች ሁሉን ነገረቻት።

"እና ምን ታስቢያለሽ?" አለች አስካል። "ነገ ጎህ ሲቀድ ውጪና አምጪው እንጂ!"

"ሰው ነው እኮ፣ አስካል።"

"የእኔውስ ሰው አልነበረም?" አስካል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ስሚኝ። እኔ ያን ጊዜ በልጄ ፈንታ የምሰጠው ሰው ባገኝ ኖሮ፣ እሰጥ ነበር። ሰጥቼ የነፍስ አባቴ እግር ላይ እወድቃለሁ። ቀኖና ይሰጡኛል፤ ስጾም ስሰግድ እኖራለሁ። ዕድሜ ልኬን ብሰግድስ? ልጄ አጠገቤ ሆኖ ነው የምሰግደው! እናንተ ንስሐ የላችሁም?"

"አለን። ግን አስቀድሞ አስቦበት፣ ንስሐ እገባለሁ ብሎ..."

"እግዜር የእናትን ሆድ ያውቃል። እመቤታችን ታውቃለች። እሷም ልጇን ሲወስዱባት ቆማ አይታለች።"

"አዎ፣ አይታለች" አለች አየለች ቀስ ብላ። "የሌላ ሰው ልጅ ግን በእሱ ፈንታ አልሰጠችም።"

አስካል ማልቀስ ጀመረች፤ ለአየለች ይሁን ለራሷ አይታወቅም። "እኔ ሆዴ ያለውን ነው የነገርኩሽ" ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

እሑድ ጠዋት አየለች መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዘውዴ ነው። ዘውዴ በየቤቱ ተደብቀው የሚያመልኩት ምእመናን ሽማግሌ ነው፤ በእምነቱ ምክንያት ታስሮ፣ ውስጥ እግሩን ተገርፎ፣ ስማቸውን ጠይቀውት ማንንም ሳይጠቁም የወጣ ሰው። እስከዛሬ ሲራመድ ያነክሳል። እሱ የሚነግራትን ታደርጋለች፤ ሸክሙ ከራሷ ላይ ይወርድላታል። ያን አስባ ነው የመጣችው።

"እውነት ተናገሩ ተብለናል" አለችው። "ብነግረው እውነት ነው የምናገረው። አይደለም እንዴ፣ ወንድም ዘውዴ?"

"ብትነግሪው ይመጣል?"

"እየሮጠ ነው የሚመጣው።"

"እንግዲያው መንገር ብቻ አይደለም፣ እህቴ።"

"ዝም ብልስ? ዝም ስል ተገኝን አሳልፌ መስጠቴ አይደለም?"

ዘውዴ መጽሐፉን ከጉልበቱ ላይ አነሳ፤ አልገለጠውም፣ መልሶ አስቀመጠው። "የታሰርኩ ጊዜ ስማችሁን አልተናገርኩም። ለዚያ ሰው ሁሉ ያከብረኛል። የተገረፈው ግን የእኔ እግር ነው። ልጄን አምጥተው ፊቴ ቢገርፉት ምን እንደምል እስከ ዛሬ አላውቅም። የማላውቀውን እንዴት ልንገርሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እጸልይልሻለሁ።"

"ሰኞ እኮ ነገ ነው! ጸሎትህ ምን ይነግረኛል?"

ዘውዴ ያልተገለጠውን መጽሐፍ በሁለት እጁ ያዘ። አየለች ሰላም ሳትለው ወጣች።

ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ በዝናቡ ጭቃ ሆኖ ያንሸራትታል። እየወደቀች፣ እየተነሳች፣ የምትናገረውን ደጋግማ እያለማመደች ወጣች። 'ኤርጎ ልጄ፣ ተገኝን ያዙት።' በቃ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምርም። ና አትለውም፤ ሊቀመንበሩ እንዲህ አለ አትለውም። ሲጠይቃት ብቻ ትመልሳለች። ይህን ስትል ልቧ ቀለል ይላታል፤ ትንሽ ራመድ ስትል ደግሞ እግሯ ይከብዳል።

አባቷን ዶላሞን በእንሰት የተከበበ ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዶላሞ ሚስዮኖቹ በመጡ ጊዜም፣ ካድሬዎቹ በመጡ ጊዜም አባቱ ያስተማረውን አልተወም። ኤርጎ ሣር ሊያጭድ ወጥቶ ነበር። አየለች በአሪኛ ሁሉንም ለአባቷ ዘርዝራ ነገረችው። ሽማግሌው ሳያቋርጣት ሰማ።

"ይሄ ልጅ እዚህ ሲመጣ ምን አደረግኩለት?" አላት በመጨረሻ።

"አበላኸው።"

"አበላሁት። አባቴ፣ ከእኛ ጋር ደም የተቃባ ቤት ልጅ እንኳ ዝናብ አባሮት ገብቶ ከበላ፣ ከደጃፋችን ማንም አይነካውም ይል ነበር።"

"ተገኝ የልጅህ ልጅ ነው፣ አባባ!"

"ነው። ተገኝን የያዘው እጅ የእነሱ እጅ ነው። ኤርጎን የሚሰጠው ግን ያንቺ እጅ ይሆናል። በዚያው እጅ ደግሞ ተመልሰሽ እንሰት ትፍቂያለሽ፣ ዘር ትዘሪያለሽ። መሬቱ ይቀበልሻል?"

"የመሬቱ ነገር ምኔም አይደለም! ልጄን ነው የምልህ!" አየለች በአባቷ ላይ ስትጮህ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዶላሞ አልተቆጣም። "እኔም ልጄን ነው የምልሽ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኤርጎ በዚህ መሃል የሣር ሸክሙን ይዞ ብቅ አለ። እሷን ሲያይ ሸክሙን ጥሎ ሮጠ። "እማማ! በዚህ ዝናብ? ወድቀሻል እንዴ? እዪ ጭቃውን!" መልስ ሳይጠብቅ ውሃ ይዞ መጣ፤ ፊቷ ተንበርክኮ እግሯን ያጥባት ጀመር።

"ተገኝ ለምን አልመጣም?" አላት እግሯን በሁለት እጁ እንደያዘ።

አየለች አፏን ከፈተች። ያለማመደችው ቃል እዚያው ምላሷ ጫፍ ላይ አለ። ኤርጎ ግን አልጠበቃትም፤ ሰው አጥቶ ሲቆይ እንደሚያደርገው ወሬው ጎርፎ ወጣ። "ከወንዙ ማዶ አንድ ዝግባ አይቻለሁ፤ ሁለታችን ብንይዘው እንኳ አይታቀፍም። ይሄ ነገር ሲያልፍ እሱን እንሰነጥቃለን። ንገሪው። እኔ ከታች እሆናለሁ፣ እሱ ከላይ ይሁን። ከታች ሲሆን ሰጋቱራው ዓይኑን ያሳምመዋል፤ ለእኔ ግን አይነግረኝም፣ ይደብቀኛል።" ሳቀ። "ደህና ነው አይደል?"

"ተገኝ..." አለች። ጎንበስ ያለውን አንገቱን አየች። "ተገኝ ደህና ነው። እግሩን ትንሽ አሞት ነው የቀረው።"

"ምን ሆኖ?"

"እሾህ ወግቶት። እቤት ነው። ተኝቷል።"

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው። በዚያ ቀን አየለች ስለ ተገኝ እግር፣ ስላደረገችለት መድኃኒት፣ ምን እንደበላ ሁሉ ዋሸች። ዶላሞ ከግድግዳው ሳይዞር ይሰማ ነበር። ልትወርድ ስትነሳ ኤርጎ ከሽማግሌው ቀፎ የወጣ ማር በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ሰጣት። "ለተገኝ። እግሩ ቶሎ ይድን።"

ቁልቁለቱን ስትጀምር ቆመች። ተመልሳ ዳገቱን ወጣች። የአባቷ ጎጆ ጭስ እስኪታያት፣ ኤርጎ በቋንቋው ሲያንጎራጉር እስኪሰማት ድረስ ተጠጋች። እዚያ እንሰቱ መሃል ቆማ ማሩን ሆዷ ላይ ይዛ፣ 'ጥሪው፣ አሁን ጥሪው' አለች ለራሷ። ልጇ አዳራሹ ውስጥ እየጠበቃት ነው። ድምፅ አልወጣትም። መልሳ ወረደች።

ለምን እንዳልነገረችው ኋላ ብዙ ሰው ጠይቋታል። ስለ እግዚአብሔር ብላ አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት እግዚአብሔር ትዝ አላላትም። ስለ አባቷ ቃልም አልነበረም፤ አባቷን ጠልታው ነው የወረደችው። እግሯን እያጠበ ያለውን ልጅ 'ሂድና ሙትልኝ' ማለት አልቻለችም። ሌላ ምክንያት ብትፈልግም አላገኘችም።

ሰኞ ጠዋት ኢፋው የጭነት መኪና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ቆሞ ነበር። ልጆቹን እየጫኑ ነው። ዳርጌ አየለችን ከሩቅ አያት፤ ከኋላዋ ሰው ካለ ብሎ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ፤ ማንም የለም። ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ተገኝም ያየው ያንኑ ነው። መጀመሪያ እናቱን፣ ከዚያ ከኋላዋ ያለውን ባዶ መንገድ። አየለች ሴቶቹን እየገፋች ከመኪናው ጎን ደረሰችና ማሩን ወደ ላይ ዘረጋችለት።

"ነገርሽው?" አላት።

በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ታያት። 'ነገርኩት፣ እምቢ አለ' ብትለው፣ ልጇ እናቱን ሳይጠላ ይሄዳል፤ የሚጠላው ኤርጎን ነው። 'ፈልጌ አጣሁት' ብትለው፣ ማንንም ሳይጠላ ይሄዳል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዋሽታለች፤ አንድ ብትጨምር ምን ነበረበት? ተገኝ ግን በልጅነቱ እንደሚያያት አድርጎ እያያት ነበር፤ ከእናቱ አፍ የሚወጣው እውነት ብቻ እንደሆነ እንደሚያውቅ ልጅ።

"አልነገርኩትም" አለችው።

ረጅም ጊዜ አያት። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህባት፣ ቢረግማት በወደደች። "እሺ" አላት ብቻ። ማሩን ተቀበላት፤ ከማን እንደሆነ አልጠየቀም። መኪናው ሲነሳ ወደ እሷ አልተመለከተም። ወደ ተራራው ነበር የሚያየው። ኢፋው ጭቃውን እየረጨ፣ የወይጦን መንገድ ይዞ ከዓይን ጠፋ። አየለች ጎማው ባለፈበት ላይ ተቀመጠች፤ አስካል መጥታ አንስታ ወሰደቻት።

ኤርጎ ወሬውን ከገበያ ከተመለሰች ሴት ሰምቶ በዚያው ሳምንት ወረደ። ቤት ሲገባ አየለች እሳት ያልነደደበት ምድጃ አጠገብ ተቀምጣለች።

"እሾህ ነው ያልሽኝ" አላት። ከሩጫው ብዛት ያለከልካል። "ተኝቷል ነው ያልሽኝ!"

"አዎ።"

"ብትነግሪኝ እኮ እመጣ ነበር!"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልነገርኩህ።"

"ማን ፍረጂ አለሽ?" ኤርጎ እንደዚህ ሲቆጣ አይታው አታውቅም። "እኔ ሰው አይደለሁም? አይጠይቁኝም? ወንድሜ ነው፣ እማማ! መሄዱም መቅረቱም የእኔ ነበር፤ አንቺ ወሰድሽብኝ። አሁን እኔ ምን ሆኜ ልኑር? ስበላ ምን ብዬ ልብላ?"

ኤርጎ እየሮጠ ወጣ፤ ወደ አዳራሹ ሄዶ ዳርጌ ፊት ቆመና "ላኩኝ፣ እሱን መልሱልኝ" አለ። ዳርጌ ተነስቶ የክፍሏን በር ዘጋ። "መኪናው አርባ ምንጭን ካለፈ ቆየ" አለው። "የሄደ አይመለስም። አንተ ደግሞ ውጣ። ከዚያ ቤት አንድ ይበቃል። ሌሎቹ ሳያዩህ በጓሮ ውጣ።" ዳርጌ ይህን ሲለው ዓይኑ ቀልቶ እንደነበር ኤርጎ ኋላ ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለአየለች ከዚያች ሰኞ የከፉ ነበሩ። ኤርጎ አፈሳ ሲመጣ ተራራው ላይ እየተደበቀ፣ ሲያልፍ እየወረደ አብሯት ኖረ። ጣሪያዋን አደሰላት፣ አጥሯን አጠረላት፣ ሲያማት ጤና ጣቢያ ተሸክሞ ወሰዳት። እሷ ግን ፊቱን ማየት አልቻለችም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ራሷ ትወጣለች። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ከሰው ጋር ሲጫወት ሳቀ፤ ሳቁን ስትሰማ በእጇ ያለውን ቢላዋ እስኪያማት ጨበጠችው፤ በራሷ ደንግጣ መሬት ላይ ወረወረችው። ያዳነችውን ሰው መጥላቷን ለማን ትንገር? ስትጸልይ ቃሉ ከጣሪያው የማያልፍ ይመስላታል። ልጄን መልስልኝ ልትል ትጀምርና 'ልትመልሺው ትችይ ነበር' የሚል ይመጣባታል።

አንዴ እግሩ የተቆረጠ ወታደር በቱርሚ በኩል ወደ አገሩ ሲያልፍ፣ አስመራ ላይ ተገኝ የሚባል፣ ድሮ ጣውላ ሰንጣቂ የነበረ ወታደር አይቻለሁ አለ ተባለ። ከስቷል አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ሲወድቅ በጂንካ ጎዳና ላይ ቡቱቶ የለበሱ ወታደሮች ታዩ። አየለች ዳቦ ይዛ እየወጣች የእያንዳንዱን ፊት አየች። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ለምእመናኑ ተመለሰ። አግዳሚዎቹ ታጠቡ፤ ሰው በአደባባይ እየዘመረ ገባ፤ ያለቀሰው ብዙ ነው። ዘውዴ ሊያስተምር ቆመና በመከራው ዘመን ስለጸኑ ሰዎች ተናገረ። "እህታችን አየለች የራሷን ልጅ ሰጥታ የሌላውን አዳነች" ሲል ጉባኤው እልል አለ፣ አጨበጨበ።

አየለች ከተቀመጠችበት ተነሳች። "አታጨብጭቡልኝ" አለች። ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር መጀመሪያ ያልሰሟት ነበሩ። "ልጄ እዚህ ቤት ውስጥ፣ እናንተ በተቀመጣችሁበት ተቀምጦ ለመነኝ። አልሰማሁትም። ያዳንኩትንም ልጅ ሳልጠላው የዋልኩበት ቀን የለም። ዛሬ ያ ቀን ቢመለስ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይሄ የሚያስጨበጭብ ነገር ነው?"

ኤርጎ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ሰማ። አየለች በመሃል መተላለፊያው አልፋ ወጣች።

ኤርጎ መንገድ ላይ ደረሰባት። ጎን ለጎን ሄዱ።

"የተበተኑት ወታደሮች በየካምፑ ተሰብስበዋል ይላሉ" አላት። "ሆለታም ታጠቅም አሉ ተብሏል። ሄጄ እፈልገዋለሁ።"

"ስለጠላሁህ ነው የምትሄደው?"

"እንደምትጠዪኝ አውቃለሁ፣ እማማ። እኔም ያን ውሸት አልረሳሁልሽም። ለዚያ አይደለም። ወንድሜ ስለሆነ ነው።"

የሄደ ዕለት ጠዋት አየለች እስከ መኪና ተራው ሸኘችው። ወደ አርባ ምንጭ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሰው ይጠራል። ኤርጎ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ኮቱን ያዘችው። ያን ጊዜ ነው ከዚያች እሑድ ወዲህ ፊቱን በደንብ ያየችው። አርጅቷል። ገና ወጣት ሆኖ ግንባሩ ተሸብሽቧል።

"አምጣልኝ" አለችው። "ኤርጎ፣ ልጄን አምጣልኝ።"

"አመጣዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም፣ እማማ። ይኑር አይኑር አላውቅም።"

"ዋሸኝ" አለችው። ኮቱን አልለቀቀችም። "አንዴ ብቻ። ዋሸኝ።"

ረዳቱ የአውቶቡሱን በር እየደበደበ ጮኸ። ኤርጎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

"አመጣዋለሁ" አላት። "ደህና ነው። ይዤው እመጣለሁ።"

አየለች ራሷን ነቅንቃ ኮቱን ለቀቀችው።